ከ0 እስከ 3 ኢንተግራሉ ዜሮ፣ ስፋቱ ግን ዜሮ ያልሆነው ለምንድን ነው?

ተማሪዋ_12፦
ሰላም ለሁላችሁ። ዋይ = ኤክስ² − 2ኤክስ የሚለውን ፈንክሽን ከ0 እስከ 3 ኢንተግሬት ሳደርገው መልሱ ዜሮ ይመጣል። አንቲዴሪቬቲቩ ኤክስ³/3 − ኤክስ² ነው። በ3 ሲተካ 9 − 9፣ በ0 ሲተካም 0 ነው። ግራፉ ላይ ግን በከርቩና በኤክስ አክሲስ መካከል የታጠረ ቦታ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ጥያቄው «ስፋቱን ፈልጉ» ነው የሚለው። ታዲያ ዜሮ ተብሎ ይጻፋል?

አንድ ነገር ልጨምር። ፈተናው የሚሸፍነው የሪማን ድምርን (ስፋትን በቀጫጭን ሬክታንግሎች ቆራርጦ መደመር)፣ በሁለት ከርቮች መካከል ያለ ስፋትንና ሰብስቲትዩሽንን (ኤክስን በሌላ ፊደል ተክቶ ማስላት) ነው። ብዙ ነጥብ የሚሄደው የቱ ላይ ነው?

ጠመኔ፦
ዜሮ ብለሽ አትጻፊ። ስሌትሽ ልክ ነው፤ ግን ያልተጠየቀውን ነው ያሰላሽው። ኢንተግራል ምልክት ያለው ድምር ነው። ከኤክስ አክሲስ በላይ ያለውን በፖዘቲቭ፣ በታች ያለውን በኔጌቲቭ ይደምራል። በዚህ ጥያቄ ሁለቱ እኩል ሆነው ተጣፉ። ስፋት ግን ኔጌቲቭ አይሆንም፣ ከሌላ ስፋትም ጋር አይጣፋም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ፈንክሽኑ ዜሮ የሚሆንበትን ፈልጊ፦ ኤክስ(ኤክስ − 2) = 0፣ ስለዚህ በ0 እና በ2። 2 ከ0 እስከ 3 ባለው ውስጥ ስለሚወድቅ እዚያ ላይ ይከፈላል። ከዚያ በእያንዳንዱ ክፍል ውስጥ አንድ ቁጥር ተክተሽ ምልክቱን እዪ። በ1 ዋጋው −1 ነው፣ በ2.5 ደግሞ 1.25። እንግዲህ ከ0 እስከ 2 ከርቩ ከታች ነው፣ ከ2 እስከ 3 ከላይ።

ከ0 እስከ 2፦ 8/3 − 4 = −4/3
ከ2 እስከ 3፦ 0 − (−4/3) = 4/3

ስፋቱ 4/3 + 4/3 = 8/3 ነው።

ልብ በዪ፣ አብሶሉት ቫልዩ የሚደረገው እያንዳንዱ ክፍል ለየብቻ ከተሰላ በኋላ ነው። መጨረሻ ላይ የመጣው መልስ ላይ ብታደርጊው የዜሮ አብሶሉት ቫልዩ ያው ዜሮ ነው፣ ምንም አይጠቅምሽም። ከዚህ የባሰው አንቲዴሪቬቲቩን ራሱን አብሶሉት ቫልዩ ውስጥ ከቶ ወሰኖቹን መተካት ነው። ያ ምንም ትርጉም የሌለው ቁጥር ነው የሚሰጠው።

የጥያቄውን ቃል አንብቢ። «ኢንተግራሉን አስሉ» ካለ መልሱ 0 ነው፣ ልክም ነው። «ስፋቱን ፈልጉ» ካለ 8/3። ፈንክሽኑ ፍጥነትን የሚገልጽ ሲሆንም ልዩነቱ ይኸው ነው፦ ምልክት ያለው ድምር ተንቀሳቃሹ ከተነሳበት ቦታ ምን ያህል እንደራቀ ይነግርሻል፣ አብሶሉት ቫልዩ ተወስዶ የተደመረው ደግሞ በጠቅላላ የተጓዘውን ርቀት።

ንድፍ_መጀመሪያ፦
ጠመኔ ያለው ላይ የምጨምረው፣ ወደ አንቲዴሪቬቲቭ ከመሄድሽ በፊት መልሱ በስንትና በስንት መካከል መሆን እንዳለበት ወረቀት ላይ ጻፊ። ይህ ልማድ ከማናቸውም ቀመር በላይ ነጥብ ያተርፋል። በግራ ህዳግ አንድ መስመር ብቻ ነው የሚወስደው።

በዚሁ ጥያቄ እንየው። ከ0 እስከ 2 ያለው ክፍል ዝቅተኛ ነጥቡ በኤክስ = 1 ላይ ሲሆን ዋጋው −1 ነው። ስለዚህ ያ ክፍል ወርዱ 2፣ ቁመቱ 1 በሆነ ሬክታንግል ውስጥ ሙሉ በሙሉ ይገባል፤ ስፋቱ ከ2 አይበልጥም። በውስጡ ደግሞ መሠረቱ 2፣ ቁመቱ 1 የሆነ ትሪያንግል ይገባል፤ ስለዚህ ከ1 አያንስም። 4/3 በመካከላቸው ነው። በስህተት 4 ወይም 1/3 ቢመጣ ወዲያው ታውቂያለሽ።

ፓራቦላ ሲሆን እንዲያውም ግምት ሳይሆን ትክክለኛ መልስ ይገኛል። በአርኪሜዲስ የተረጋገጠ ነው፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው ክፍለ ዘመን፣ ካልኩለስ የሚባል ነገር ሳይኖር፦ በፓራቦላና በሚቆርጠው ቀጥታ መስመር መካከል ያለው ስፋት በውስጡ ከተሠራው ትሪያንግል 4/3 እጥፍ ነው። የትሪያንግሉ ጫፍ መቀመጥ ያለበት ግን የትም አይደለም፤ በሁለቱ መቁረጫ ነጥቦች የኤክስ አማካይ ላይ ነው። እዚህ ትሪያንግሉ ½ × 2 × 1 = 1 ነው፤ 4/3 እጥፉ 4/3። አለቀ።

ለሁለተኛው ጥያቄሽ፦ ብዙ ነጥብ የሚሄደው ኢንተግሬት ማድረግ ላይ አይደለም። ከዚያ በፊት ነው፤ የት እንደሚከፈል፣ የትኛው ከላይ የትኛው ከታች እንደሆነ፣ ወሰኑ ከየት እስከ የት እንደሆነ አለመለየት። ሦስቱም በንድፍ የሚታዩ ናቸው። ንድፉ ውብ መሆን የለበትም፤ መቁረጫ ነጥቦቹና የከርቩ አቅጣጫ ትክክል ከሆኑ በቂ ነው።

ቀመር_ይበቃል፦
የሪማን ድምር ላይ ጊዜሽን አታጥፊ። የካልኩለስ መሠረታዊ ቲዎረም ከታወቀ በኋላ ሬክታንግል መደርደር አያስፈልግም። አንቲዴሪቬቲቭ ፈልጊ፣ የላይኛውን ወሰን ተኪ፣ የታችኛውን ቀንሺ። ስድስት ሬክታንግል ደምሮ የተሳሳተ መልስ ከማግኘት በሁለት መስመር ትክክለኛውን ማግኘት ይሻላል። ያንን ጊዜ ሰብስቲትዩሽን መለማመጃ አድርጊው።

ኮድ_ቆራጭ፦
በዚህ አልስማማም፣ በሁለት ምክንያት።

አንደኛ፣ አንቲዴሪቬቲቭ ሁልጊዜ አይገኝም። ኢ^(−ኤክስ²) የሚለውን ውሰጂ፤ ስታትስቲክስ ውስጥ በየገጹ የሚመጣ ነው፣ ከርቩም ለስላሳ ነው፣ ስፋትም አለው። ነገር ግን አንቲዴሪቬቲቩ በፖሊኖሚያል፣ በሳይን፣ በሎጋሪዝም በመሳሰሉት በሚታወቁት ፈንክሽኖች ተጽፎ አያልቅም። ሁለተኛ፣ በተግባር ሥራ ላይ ብዙ ጊዜ ቀመር የለም፣ ያለው ሠንጠረዥ ነው፤ በየግማሽ ሰከንዱ የተመዘገበ ፍጥነት፣ በየሜትሩ የተለካ ጥልቀት። ቀመር ከሌለ ወሰን የምትተኪበት አንቲዴሪቬቲቭም አይገኝም፤ ያለው አማራጭ መደመር ነው።

መልሱ በሚታወቅ ነገር ላይ ልሥራው። ዋይ = ኤክስ² ከ0 እስከ 3፤ ትክክለኛው ስፋት 9 ነው። በ6 ቁራጭ እንክፈለው፣ የእያንዳንዱ ወርድ 3/6 = 0.5 ነው። ነጥቦቹ 0፣ 0.5፣ 1፣ 1.5፣ 2፣ 2.5፣ 3። ቁመቶቹ 0፣ 0.25፣ 1፣ 2.25፣ 4፣ 6.25፣ 9።

እዚህ ቁሚ። ቁራጭ 6 ነው፣ ነጥብ ግን 7 ነው። ሰባቱንም ቁመት ደምሮ በ0.5 ማባዛት በጣም የተለመደ ስህተት ነው። እንዲህ ሲደረግ ሰባተኛ ቁራጭ ተጨመረ ማለት ነው፤ ወርዱም 3.5 ሆነ። በግራ ድምር የመጨረሻው ቁመት ይቀራል፣ በቀኝ ድምር የመጀመሪያው።

የግራ ድምር፦ 13.75 × 0.5 = 6.875
የቀኝ ድምር፦ 22.75 × 0.5 = 11.375
ትራፔዞይድ፦ የሁለቱ አማካይ፣ 9.125
የመካከለኛ ነጥብ፦ ቁመቶቹ በ0.25፣ 0.75፣ 1.25፣ 1.75፣ 2.25፣ 2.75 ላይ ይወሰዳሉ፤ ድምራቸው 17.875፣ በ0.5 ሲባዛ 8.9375

አሁን እነዚህ ቁጥሮች የሚሉትን እንስማ። ከርቩ እየወጣ የሚሄድ ስለሆነ የግራው ከትክክለኛው ያንሳል፣ የቀኙ ይበልጣል። እየወረደ ቢሆን ይገለበጥ ነበር። ትራፔዞይዱ የበለጠው ደግሞ ከርቩ ወደ ላይ የተከፈተ በመሆኑ ነው፤ ሁለት ነጥቦችን የሚያገናኘው ቀጥታ መስመር ከከርቩ በላይ ይቀመጣል። የትራፔዞይድ ስህተት 0.125፣ የመካከለኛ ነጥብ ስህተት 0.0625 ነው፤ በግማሽ ያነሰ፣ አቅጣጫውም ተቃራኒ። የመካከለኛ ነጥቡን በ2 አባዝተሽ ትራፔዞይዱን ጨምረሽ በ3 ብታካፍዪ፦ (17.875 + 9.125)/3 = 27/3 = 9። ስህተቶቹ ተጣፉ። የሲምፕሰን ዘዴ የሚሠራው በዚህ ነው።

ቁራጩን ወደ 12 ብታሳድጊው የትራፔዞይድ ስህተት ከ0.125 ወደ 0.03125 ይወርዳል፣ በአራት እጥፍ። የቀኝ ድምር ስህተት ግን ከ2.375 ወደ 1.156 ገደማ ነው የሚወርደው፣ በግማሽ ብቻ። በአንድ ዓይነት ድካም የተለያየ ትርፍ ማለት ነው። ፈተና ላይ «ግምቱ ይበልጣል ወይስ ያንሳል፣ ለምን?» ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ ከላይ ያለው ነው፤ ለግራና ለቀኝ መውጣት መውረዱን፣ ለትራፔዞይድና ለመካከለኛ ነጥብ የከርቩን አጎናበስ ጥቀሺ። ሁለቱን ማምታታት ነጥብ ያስከፍላል።

የሠንጠረዥ ጥያቄ ሲመጣ ደግሞ ርቀቶቹ እኩል መሆናቸውን በቅድሚያ አረጋግጪ። ኤክስ 0፣ 2፣ 3፣ 7 ብሎ የሚሄድ ሠንጠረዥ ብዙ ጊዜ ሆን ተብሎ ይሰጣል። እንዲያ ሲሆን ወርዶቹ 2፣ 1፣ 4 ናቸው፤ እያንዳንዱ ትራፔዞይድ በራሱ ወርድ ይባዛል፣ ለእኩል ወርድ የሚሆነው አጭሩ ቀመር አይሠራም።

ተማሪዋ_12፦
እጅግ አመሰግናለሁ። ኮድ_ቆራጭ የሠራውን በሲምፕሰን ቀመር በቀጥታ ሞከርኩት፤ 1፣ 4፣ 2፣ 4፣ 2፣ 4፣ 1 ብዬ ቁመቶቹን ሳባዛ ድምሩ 54 መጣ፣ በ0.5/3 ሲባዛ 9። በሲምፕሰን የቁራጩ ብዛት ለ2 የሚካፈል ቁጥር መሆን አለበት የሚባለው ለዚህ ነው ማለት ነው?

ሌላው፣ መምህር ጠመኔ፣ «በሊሚት አስሉ» ሲባል እንዴት እንደሚጀመር ቢያሳዩኝ። ቁራጩ 6 ሲሆን ይገባኛል፣ ኤን ሲሆን ግን ፊደሎቹ ይደበላለቃሉ።

ኮድ_ቆራጭ፦
አዎ። ሲምፕሰን ሁለት ሁለት ቁራጭ እያጣመረ በሦስት ነጥብ የሚያልፍ አንድ ፓራቦላ ነው የሚያሳልፈው። ቁራጩ ጎዶሎ ቁጥር ከሆነ መጨረሻ ላይ ጥንድ ያጣ አንዱ ይቀራል።

ጠመኔ፦
ፊደሎቹ የሚደበላለቁት ሁለት የተለያየ ሥራ ያላቸው ስለሆኑ ነው። ኤን የቁራጩ ብዛት ነው፤ በድምሩ ውስጥ አይለወጥም። አይ ደግሞ ስንተኛው ቁራጭ ላይ እንዳለን ይቆጥራል፤ ከ1 ተነስቶ እስከ ኤን ይሄዳል። ይህን ከያዝሽ ሌላው አራት እርምጃ ነው።

ያንኑ ኤክስ² ከ0 እስከ 3 እንውሰድ፣ በቀኝ ድምር።

ወርድ፦ 3/ኤን።
የአይኛው ቁራጭ ቀኝ ጫፍ፦ 3አይ/ኤን። የታችኛው ወሰን 0 ባይሆን፣ ለምሳሌ 2 ቢሆን፣ 2 + ወርድ × አይ ይሆናል። ይህን የመነሻ ቁጥር መርሳት የዚህ ርዕስ ዋናው ስህተት ነው።
ቁመት፦ (3አይ/ኤን)² = 9አይ²/ኤን²።
የአንዱ ቁራጭ ስፋት፦ ቁመት በወርድ፣ 27አይ²/ኤን³።

አሁን መደመር ነው። 27/ኤን³ አይ ስለሌለበት ከድምሩ ውጭ ይወጣል፤ ውስጥ የሚቀረው የ1² + 2² + … + ኤን² ድምር ነው፣ እሱም ኤን(ኤን + 1)(2ኤን + 1)/6። ሲባዛና ሲቃለል፦

9(ኤን + 1)(2ኤን + 1)/(2ኤን²)

ሊሚት ከመውሰድሽ በፊት አንድ ማረጋገጫ አለ፣ ብዙ ሰው የማይጠቀምበት። ኤንን በ6 ተኪው፦ 9 × 7 × 13/72 = 819/72 = 11.375። ኮድ_ቆራጭ በእጅ ደምሮ ያገኘው የቀኝ ድምር ይኸው ነው። ቢለያይ ኖሮ አልጀብራው ውስጥ ስህተት አለ ማለት ነው፤ ሊሚቱን ወስደሽ ሳይሆን እዚህ ላይ ሆነሽ ነው የምታገኚው። ኤን እያደገ ሲሄድ (ኤን + 1)(2ኤን + 1) ወደ 2ኤን² ይጠጋል፤ ስለዚህ ሊሚቱ 9 × 2/2 = 9።

ቀመር_ይበቃል ለሚለው፣ ይህ ሁሉ የሚሠራው 9ን ለማግኘት አይደለም። ዲኤክስ የሚባለው ነገር የቁራጭ ወርድ መሆኑን፣ ከፊቱ የተጻፈው ደግሞ ቁመት መሆኑን ለማየት ነው። ይህን ያላየ ሰው የከርቭ ርዝመት፣ የሚሽከረከር ቅርጽ ይዘት፣ ሥራና ግፊት ላይ ሲደርስ ሁሉም ተነጣጥሎ የሚሸመደድ ቀመር ይሆንበታል። በሪማን ስም የሚጠራው ትርጓሜ የቀረበው በ1854 እ.ኤ.አ. ነው፤ ኒውተንና ላይብኒትስ ካልኩለስን ከፈጠሩ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ። ቲዎረሙ እያለ ሰው ወደ ድምሩ የተመለሰው ኢንተግራል ምን እንደሆነ ያለ ድምሩ በትክክል መናገር ስላልተቻለ ነው።

ንድፍ_መጀመሪያ፦
በሁለት ከርቮች መካከል ላለ ስፋት የጠመኔ የመጨረሻ ቃል ዋናው ቁልፍ ነው፤ ቁመትና ወርድ። ቁራጩን ንድፉ ላይ አንድ ጊዜ በእርሳስ አስምሪው። ቁመቱ ከየት እስከ የት ነው? የላይኛው ሲቀነስ የታችኛው። ኤክስ አክሲስ የት እንዳለ ምንም ለውጥ አያመጣም፤ ሁለቱም ከርቮች ከአክሲሱ በታች ቢሆኑ እንኳ የላይኛው ሲቀነስ የታችኛው ፖዘቲቭ ነው። እዚህ ላይ «ከታች ስለሆነ ኔጌቲቭ ላድርገው» ብሎ ምልክት መቀየር ትክክለኛውን ማበላሸት ነው።

ምሳሌ፦ ዋይ = ኤክስ² እና ዋይ = ኤክስ + 2። ሲተካከሉ ኤክስ² − ኤክስ − 2 = 0፣ (ኤክስ − 2)(ኤክስ + 1) = 0፣ ወሰኖቹ −1 እና 2። በ0 ላይ መስመሩ 2፣ ፓራቦላው 0፤ መስመሩ ከላይ ነው። የሚሰላው ኤክስ + 2 − ኤክስ² ነው። አንቲዴሪቬቲቩ ኤክስ²/2 + 2ኤክስ − ኤክስ³/3። በ2 ሲተካ 10/3፣ በ−1 ሲተካ −7/6። ልዩነቱ 27/6 = 4.5።

ቅንፍ የሚጠፋው እዚህ ነው። ከታች ያለው ከርቭ ከአንድ በላይ ቁም (ተርም) ካለው፣ ለምሳሌ ኤክስ² − 3ኤክስ ከሆነ፣ ሙሉውን በቅንፍ ከተሽ ቀንሺ፤ አለዚያ የሁለተኛው ቁም ምልክት አይቀየርም። ኔጌቲቭ ወሰን ሲተካም እንዲሁ፣ −(−1)³/3 የሚለው +1/3 ነው።

በአርኪሜዲስ እንፈትሸው። የ−1 እና የ2 አማካይ 0.5 ነው። እዚያ መስመሩ 2.5፣ ፓራቦላው 0.25፣ ቁመቱ 2.25። ትሪያንግሉ ½ × 3 × 2.25 = 3.375፣ በ4/3 ሲባዛ 4.5። ተገጣጠመ።

አሁን ተመሳሳዩን ቅርጽ ገልብጠን እንየው፦ ኤክስ = ዋይ² እና ዋይ = ኤክስ − 2። ቁራጩን በቁም ብታደርጊው ችግር ይመጣል። ከኤክስ 0 እስከ 1 ድረስ ቁራጩ ከላይም ከታችም ፓራቦላውን ነው የሚነካው፤ ቁመቱ √ኤክስ − (−√ኤክስ) = 2√ኤክስ። ከ1 እስከ 4 ግን ከታች የሚነካው መስመሩን ነው፤ ቁመቱ √ኤክስ − (ኤክስ − 2)። ሁለት ኢንተግራል ያስፈልጋል፦ 4/3 + 19/6 = 4.5። ይህን ያላየ ተማሪ ከ0 እስከ 4 ድረስ √ኤክስ − ኤክስ + 2 ብሎ በአንድ ይጽፋል፤ ከ0 እስከ 1 ባለው ውስጥ ከፓራቦላው ውጭ ያለ ቦታ ጭምር ይደምራል፣ መልሱም 16/3 ይመጣበታል።

ቁራጩን አግድም አድርጊው። አሁን ርዝመቱ የቀኙ ሲቀነስ የግራው ነው፣ ወርዱ ዲዋይ። ቀኙ ኤክስ = ዋይ + 2፣ ግራው ኤክስ = ዋይ²። ከዋይ −1 እስከ 2። አንድ ኢንተግራል፣ ያው 4.5። ዲዋይ ከተጻፈ ውስጡ ያለው ሁሉ በዋይ መሆን አለበት፣ ወሰኖቹም የዋይ ናቸው። የኤክስን ወሰን 1 እና 4 እዚህ ማስገባት ብዙ ጊዜ የሚታይ ስህተት ነው።

የትኛውን እንደምትመርጪ የሚወስነው አንድ ጥያቄ ነው፦ ቁራጩ ከአንድ ዳር ወደ ሌላው ሲጓዝ የሚነካቸው ከርቮች መሃል ላይ ይቀየራሉ? በአንዱ አቅጣጫ የሚቀየሩ፣ በሌላው የማይቀየሩ ከሆነ የማይቀየሩበትን ያዢ።

ሰባተኛ_ረድፍ፦
ሰብስቲትዩሽን ላይ አንድ ነገር ብቻ ልበል፣ ግን ከባድ ነው። ፈንክሽኑን ቀይሮ ወሰኑን አለመቀየር።

ኤክስ(ኤክስ² + 1)³ ከ0 እስከ 2። ዩ = ኤክስ² + 1፣ ዲዩ = 2ኤክስ ዲኤክስ። ስለዚህ ½ዩ³ ዲዩ ይሆናል። ኤክስ 0 ሲሆን ዩ 1 ነው፣ ኤክስ 2 ሲሆን ዩ 5 ነው። መልሱ (5⁴ − 1⁴)/8 = 624/8 = 78። 0 እና 2ን እንዳሉ ብትተዪያቸው 16/8 = 2 ይመጣል።

2 ሊሆን እንደማይችል በንድፍ_መጀመሪያ መንገድ ወዲያው ይታወቃል። በኤክስ = 1 ላይ ፈንክሽኑ 8 ነው፣ ከዚያ በኋላም ይወጣል እንጂ አይወርድም። ከ1 እስከ 2 ያለው ብቻ ቢያንስ 8 ነው። ወሰን ወደ ዩ ካልቀየርሽ ደግሞ ሌላው አማራጭ አንቲዴሪቬቲቩን ወደ ኤክስ መልሶ (ኤክስ² + 1)⁴/8 ብሎ 0 እና 2ን መተካት ነው፤ ሁለቱም ልክ ናቸው። ግማሽ በግማሽ ማድረግ ነው የሚያበላሸው።

ሌሎች ሁለት ወጥመዶች፦

1/ኤክስ² ከ−1 እስከ 1። ቀመሩን በጭፍን ከተከተልሽ −1/ኤክስ፣ በ1 ሲተካ −1፣ በ−1 ሲተካ 1፣ ልዩነቱ −2። ፈንክሽኑ በየትም ቦታ ፖዘቲቭ ሆኖ መልሱ ኔጌቲቭ ሊሆን አይችልም። ችግሩ በ0 ላይ ፈንክሽኑ የለም፣ ወደ ላይም ያለ ገደብ ይሄዳል፤ ቲዎረሙ እንዲሠራ በወሰኖቹ መካከል ፈንክሽኑ ያልተቋረጠ መሆን አለበት። ይህ ኢንተግራል ዳይቨርጅ ያደርጋል፣ ማለትም የተወሰነ ዋጋ የለውም። ማካፈል ያለበት ጥያቄ ሲመጣ የታችኛው ክፍል የት ዜሮ እንደሚሆን ሳትፈልጊ አትጀምሪ።

ሳይን ከ0 እስከ ፓይ። ትክክለኛው መልስ 2 ነው። ካልኩሌተሩ ዲግሪ ላይ ከሆነ 0.0015 ገደማ ይሰጥሻል፣ ምክንያቱም 3.14 ዲግሪን ነው የሚያሰላው። የሳይን አንቲዴሪቬቲቭ −ኮሳይን የሚሆነው በራዲያን ብቻ ነው። ፈተና ሳይጀመር ካልኩሌተሩን ራዲያን ላይ አድርጊው።

ቀመር_ይበቃል፦
ሠንጠረዡን በተመለከተ ኮድ_ቆራጭ ልክ ነው፣ ያንን እቀበላለሁ። ለጊዜ ቁጠባ ግን አንድ ነገር እጨምራለሁ፦ ከኢንተግራል በፊት ቅርጹን እዪ። √(1 − ኤክስ²) ከ0 እስከ 1 ሲመጣ ወደ ትሪጎኖሜትሪ ሰብስቲትዩሽን አትሩጪ። ራዲየሱ 1 የሆነ ክብ ሩብ ነው፤ መልሱ ፓይ/4። አብሶሉት ቫልዩ ያለባቸው ቀጥታ መስመሮችም ትሪያንግሎች ናቸው። ኤክስ³ ከ−2 እስከ 2 ደግሞ ሳይሰላ ዜሮ ነው፣ ግራና ቀኙ በምልክት ተቃራኒ ስለሆኑ። «ስፋቱን ፈልጉ» ካለ ግን ከ0 እስከ 2 ያለውን 4 በ2 አባዝተሽ 8 ትያለሽ።

ተማሪዋ_12፦
የተባለውን ሁሉ በአንድ ጥያቄ ላይ ሠርቼዋለሁ፤ እባካችሁ እዩልኝ።

በዋይ = ሳይን ኤክስ እና በዋይ = ኮሳይን ኤክስ መካከል ያለው ስፋት፣ ከ0 እስከ ፓይ/2።

ግምት፦ ሁለቱም ከ0 እስከ 1 ድረስ ናቸው፣ ወርዱ 1.57 ገደማ። ስለዚህ መልሱ ከ1.57 ያንሳል፣ ከዜሮ ይበልጣል።
መገናኛ፦ ሳይንና ኮሳይን እኩል የሚሆኑት በፓይ/4 ነው።
ከ0 እስከ ፓይ/4፦ ኮሳይን − ሳይን። አንቲዴሪቬቲቩ ሳይን + ኮሳይን። በፓይ/4 ሲተካ √2፣ በ0 ሲተካ 1። √2 − 1።
ከፓይ/4 እስከ ፓይ/2፦ ሳይን − ኮሳይን። አንቲዴሪቬቲቩ −ኮሳይን − ሳይን። በፓይ/2 ሲተካ −1፣ በፓይ/4 ሲተካ −√2። √2 − 1።
ስፋት፦ 2√2 − 2፣ 0.83 ገደማ።

ሳይከፈል ቢሰላ ዜሮ ይመጣል፣ ልክ እንደ መጀመሪያው ጥያቄ።

ጠመኔ፦
ልክ ነው፣ አቀማመጡም ጥሩ ነው። ሁለት ነገር አስተካክዪ። አንደኛ፣ በእያንዳንዱ ክፍል የትኛው ከላይ እንደሆነ ያወቅሽበትን ጻፊ፤ «በ0 ላይ ኮሳይን 1፣ ሳይን 0» የሚል አንድ መስመር ይበቃል። ያለዚያ አራሚው ገምተሽ ይሁን አውቀሽ አይለይም። ሁለተኛ፣ 2√2 − 2 የሚለውን የመጨረሻ መልስ አድርጊው፣ 0.83 ከጎኑ ይቀመጥ። ጥያቄው በአስርዮሽ ካልጠየቀ ትክክለኛው መልስ ስሩ ያለበት ነው።

ግምትሽን ማጥበብ ከፈለግሽም ይቻላል። ሁለቱ ክፍሎች አንዱ የሌላው የመስታወት ምስል ናቸው፣ ስለዚህ የመጀመሪያውን ብቻ መገመት በቂ ነው። ከ0 እስከ ፓይ/4 ያለው ልዩነት ከ1 ጀምሮ ወደ 0 ይወርዳል፣ ወደ ላይ የጎበጠ ሆኖ። ስለዚህ መሠረቱ 0.785፣ ቁመቱ 1 ከሆነ ትሪያንግል ትንሽ ይበልጣል፦ 0.39 እና ትንሽ ከፍ ያለ። √2 − 1 ደግሞ 0.414 ነው።

ንድፍ_መጀመሪያ፦
ለቀጣዩ ልምምድ ከ0 እስከ ፓይ/2 ያለውን ወደ ከ0 እስከ ፓይ ቀይሪው። መገናኛው ያው አንድ ብቻ ነው፣ ፓይ/4። ኮሳይን ከፓይ/2 በኋላ ከአክሲሱ በታች ይወርዳል፤ ሳይን ከላይ፣ ኮሳይን ከታች መሆናቸው ግን አይቀየርም። ስለዚህ ፓይ/2 ላይ መክፈል አያስፈልግም። 2√2 ከመጣልሽ ትክክል ነሽ።